ግብር፦ የቤተ መንግሥት ማዕድና የዕለት ሥራው ሥርዓት

በግእዝ ግብር ማለት ሥራ ማለት ነው። ገብረ ከሚለው ግስ ወጥቶ ምግባርንና ተግባርን፣ ገባርንና ገበሬን እየወለደ ወደ አማርኛ የወረደው ይህ ቃል በወረደበት ቤት ግን ሁለት ሌሎች ትርጓሜዎችን ደርቦ ተገኘ፤ ባላገሩ ከእህሉ፣ ከማሩና ከከብቱ ከፍሎ ለመንግሥት የሚሰጠው ግብር ተባለ፣ ንጉሠ ነገሥቱም በአዳራሹ መኳንንቱንና ሠራዊቱን ሰብስቦ የሚያበላው ማዕድ ያው ግብር ተባለ። ባላገሩ ግብር ገበረ፤ ወታደሩ ግብር በላ። እንግዲህ ገቢውም፣ ወጪውም፣ በመካከላቸው ያለው ድካምም በአንድ ስም ይጠሩ ነበር ማለት ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ይህን እንደ ተራ የትርጉም መስፋፋት ቆጥረው ያልፉት ይሆናል፤ እኔ ግን የቀድሞው ቤተ መንግሥት የዕለት ሥራው እንዳይዛነፍ ምን ያህል ይጠነቀቅ እንደ ነበር፣ ጥንቃቄውም የት ላይ እንደ ጎደለ ከብዙ ሰነድ ይልቅ አጥርቶ የሚነግረን ይህ አንድ ቃል ይመስለኛል።

በዘመናችን አንድ ድርጅት የዛሬው ሥራው እንደ ትናንቱ፣ የነገውም እንደ ዛሬው ሆኖ እንዲገኝ ሲሻ መመሪያ ይጽፋል፣ ቅጽ ያሳትማል፣ ተቆጣጣሪ ይሾማል፤ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ባሻሻለው የጥራት ሥራ አመራር ደረጃው ስምንተኛውን ክፍል ለዚሁ ለዕለት ሥራ አመራር ለይቶ ሰጥቶታል። ጭንቀቱ ግን ከወረቀቱ እጅግ ይቀድማል። በአዘቦት ቀን ብዙ መቶ፣ በበዓል ቀን ብዙ ሺህ ሰው የሚመገብበት ቤት ዱቄቱ ሳይጎድል፣ ጠጁ ሳይኮመጥጥ፣ የራስ ድርሻ ለደጃዝማች፣ የደጃዝማችም ድርሻ ለተራ ወታደር ሳይደርስ ዓመቱን ሙሉ መዝለቅ ነበረበት፤ አንድ ቀን የተሳሳተ ድርሻ ወጥ ከማበላሸት አልፎ ሰው የሚያስኮርፍ፣ ኩርፊያውም ወደ ሸፍጥ የሚያደርስ ነበርና።

ከሁሉ የቀደመው መቆጣጠሪያ ቦታ ነው። ነገሥታቱ ቋሚ ከተማ ሳይኖራቸው በድንኳን ከአገር ወደ አገር በሚዘዋወሩበት ዘመን፣ ዛሬ በሜዳ ነገ በኮረብታ ላይ የሚያድር ያን ያህል ሕዝብ ሳይተራመስ እንዴት ይሰፍር እንደ ነበር ለማወቅ፣ በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል መጥቶ ስድስት ዓመት በአገራችን የተቀመጠው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የጻፈውን ማንበብ ይበቃል። ቄሱ እንደሚተርከው፣ ሰፈሩ በየትም ምድር ቢያርፍ አቀማመጡ አይለወጥም፤ የንጉሡ ድንኳን ከፍ ባለው ቦታ ይተከላል፣ የቀኙ ሹም በቀኝ፣ የግራው ሹም በግራ ይሰፍራል፣ ወጥ ቤቶቹም እንዲሁ ሁለት ሆነው በቀኝና በግራ ይቆማሉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ዳኞቹና ገበያው ሁሉ የታወቀ ስፍራ አላቸው። ስለዚህም ትናንት ከዚህ ሰፈር ያደረ ሰው ዛሬ በሌላ አገር ቢያድር የሚፈልገውን ድንኳን መንገደኛ ሳይጠይቅ ያገኘዋል። ከወጥ ቤቱ ወደ ንጉሡ ድንኳን የሚሄደው ምግብ እንኳ በብላቴኖች ተሸካሚነትና በድባብ ጥላ ሥር በተወሰነ መንገድ ይጓዝ እንደ ነበር ቄሱ በዓይኑ አይቶ ጽፏል።

የማዕርጎቻችን ስሞች ያን ዘመን እስከ ዛሬ ተሸክመውት ይኖራሉ። ፊታውራሪ፣ ቀኝ አዝማች፣ ግራ አዝማች፣ ደጃዝማች ስንል ዛሬ ክብርን ብቻ እናስብ ይሆናል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ስም ባለ ማዕርጉ በጉዞና በሰፈር የሚቆምበትን ስፍራ የሚናገር ነው። ሹመቱ አድራሻም ነበር። ጸሐፊ የማያገኝ፣ ቢያገኝም በፈረስ ላይ ሆኖ የሚያነብለት ሰው የሌለው ሠራዊት ይህን የመሰለ መመሪያ በሰው ስም ላይ ጽፎ ይዞት መዞሩ እጅግ ያስደንቀኛል።

ከቦታ ቀጥሎ ሰዓት ነው። በመካከለኛው ዘመን ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች መካከል በንጉሡ አጠገብ ከፍ ብሎ የሚታየው ሹም ዐቃቤ ሰዓት ይባል ነበር፤ ይህም ማዕርግ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ምዕተ ዓመት ካስከበረው ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መምህራን ጋር ተያይዞ የኖረ ነው። ዐቃቤ ሰዓት ማለት ሰዓት ጠባቂ ማለት ሲሆን፣ ንጉሡ የሚጸልይበትን፣ ሰው የሚያነጋግርበትንና ከሰው የሚለይበትን ጊዜ የሚጠብቅ ሰው በእልፍኙ ደጅ ካሉት ሹማምት ሁሉ የበረታ ሥልጣን ቢያገኝ የሚያስገርም አይደለም። ዓመቱን የሚመራው ደግሞ ባሕረ ሐሳብ ነው። የነነዌ ጾም፣ ዐቢይ ጾምና ፋሲካ የሚውሉበት ቀን በሊቃውንቱ ስሌት ታውቆ በየዓመቱ ሲታወጅ ምእመናን ጾማቸውን ያውቃሉ፤ የቤተ መንግሥቱ ሥጋ ቤትና ወጥ ቤት ግን ከዚያው አዋጅ የሥራ ሰሌዳቸውን ያገኛሉ። ሰንጋው መቼ ከግጦሽ እንደሚነዳ፣ ቅቤው መቼ ከምድጃ እንደሚርቅ፣ የሽሮውና የሱፉ ወጪ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚበረታ፣ ረቡዕና ዓርብ ሳይዘነጉ፣ ከዚያ ይቀዳ ነበር። በድስት ላይ የሚመጣውን ለውጥ ከወራት በፊት የሚያሳውቅ እንዲህ ያለ ቀን መቁጠሪያ የያዘ ወጥ ቤት በብዙ አገር የሚገኝ አይመስለኝም።

ሦስተኛው መቆጣጠሪያ ልክ ነው፤ እርሱ ግን ሳይጻፍ አልቀረም። በ15ኛውና በ16ኛው ምዕተ ዓመት የነበረውን የቤተ መንግሥት ማዕድ የሚዘረዝር፣ ብዙ የጥንት አማርኛ ቃላት የተቀላቀሉበት፣ ሥርዓተ ግብር የሚባል ጽሑፍ ደርሶናል። ይህ ጽሑፍ የንጉሡን ገድል አይተርክም፤ ጦርነትም ተአምርም የለበትም። የሚናገረው የእንጀራውንና የኅብስቱን ዓይነትና ቁጥር፣ የመጠጡን መስፈሪያ፣ ለየትኛው ሹም ምን ያህል እንደሚደርሰው ነው። ታሪክ የድል ዝርዝር ብቻ ለሚመስለው አንባቢ እንዲህ ያለው መዝገብ ደረቅ ይሆንበታል፤ ነገር ግን አንድ መንግሥት ከጦር ሜዳ በተመለሰ ማግሥት ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከዚህ የበለጠ መስኮት አያገኝም። በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ በ1628 ዓ.ም. ጎንደር ከተቆረቆረች በኋላም ድንኳኑ በድንጋይ ግንብ ሲተካ፣ ሥርዓተ መንግሥት የተባለው ሌላ ጽሑፍ የሹማምቱን አቋቋምና የበዓሉን አፈጻጸም እንዲሁ ወስኖ አቆይቶናል። ስለ ጎንደር ብዙ ተጽፏልና ከዚህ በላይ አልዘገይም።

ሥርዓቱ ከሁሉ ይልቅ ሰፍቶ የታየው በዳግማዊ ምኒልክ ግቢ ነው። ለዚህም ዋናው ምስክር ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት ዝክረ ነገር ነው፤ ጸሐፊው የቤተ መንግሥቱን የሥራ ክፍሎች፣ የመሬቱን ሥሪትና የግብሩን ዓይነት እንዲህ በዝርዝር ባያኖሩልን ኖሮ ዛሬ ስለዚህ ነገር የምንጽፈው ሁሉ ግምት ብቻ በሆነ ነበር። ከማዕዱ ወደ ኋላ ብንሄድ መጀመሪያ የምናገኘው መሬት ነው። የማድ ቤት መሬት የሚባለው ምርቱ ለቤተ መንግሥቱ ማዕድ የተለየ ነበር፤ ሁዳድ የሚባለውን ባላገር በጉልበቱ አርሶ፣ አርሞና አጭዶ ወደ ጎተራው ያገባል፤ ግንደበል የተባለውን መሬት የያዘ ደግሞ የንጉሡን ድንኳንና ስንቅ በጭነት ከብቱ ያጓጉዛል። ማሩ በጉንዶ፣ እህሉ በቁናና በዳውላ እየተለካ ይገባል። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ነገር የራሱ ቤት አለው፤ ጎተራ፣ እንጀራ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ዕቃ ቤት፣ ግምጃ ቤት፣ እያንዳንዱም ቤት የራሱ አለቃ አለው። ከቤት ወደ ቤት የሚተላለፈው በመስፈሪያ ስለ ሆነ ሰጪው የሰጠውን፣ ተቀባዩም የተቀበለውን ያውቃል፤ አንዱ የሌላው ምስክር ነው። ከሁሉ በላይ አዛዡ፣ በንብረቱ በኩል በጅሮንዱ፣ በደጁና በመግቢያው በኩል አጋፋሪውና እልፍኝ አስከልካዩ ይቆማሉ።

ውሃውም የራሱ ታሪክ አለው። ለዚያ ሁሉ ሊጥና ጥንስስ የሚያስፈልገው ውሃ ብዙ ዘመን በእንስራ በሴቶች ጀርባ ሲመላለስ ከኖረ በኋላ፣ የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ በቧንቧ አምጥቶ ወደ ግቢው ኮረብታ ባወጣው ጊዜ ሕዝቡ ውሃ ሽቅብ ሄደ ብሎ ተደነቀ። ሕዝቡ የተደነቀው በሽቅቡ ነበር፤ የጠጅ ቤቱን አለቃ ግን ይበልጥ ያስደሰተው በየዕለቱ ሳይጓደል መምጣቱ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ አዳራሹ እንግባ። በሰንበትና በበዓል የሚገባው ግብር በአንድ ጊዜ ለሁሉ አይደርስም፤ በተራ በተራ ነው። አስቀድሞ ንጉሠ ነገሥቱ በመጋረጃ ተከልለው ከታላላቆቹ መኳንንት ጋር ይመገባሉ፤ ንጉሥ ሲበላ በሁሉ ዓይን አይታይምና። ከዚያ መጋረጃው ይገለጥና አጋፋሪዎቹ ሹማምቱን፣ ቀጥሎም ወታደሩን በየማዕርጉ እያስገቡ ያስቀምጣሉ፤ አንዱ ተራ በልቶ ሲነሣ ሌላው ይተካል፣ በመጨረሻም ድኻው ይደርሰዋል። ብርንዶው ሁለት ሁለት ሰዎች በትከሻቸው በተሸከሙት አግዳሚ እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ በተቀመጡት ረድፍ መካከል ያልፋል፤ ተመጋቢው በቢላው እየቆረጠ ያነሣል። ሻኛው፣ ሽንጡ፣ ታላቁና ታናሹ፣ ፍሪንባውና ጎድኑ ስምና ማዕርግ ነበራቸው፤ ለማን የትኛው እንደሚቀርብ የሥጋ ቤቱ ሰዎች በጽሑፍ ሳይሆን በእጃቸው ያውቁታል። ጠጁም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ማሩ የበዛበትና የበሰለው ለላይኛው ማዕድ፣ ቀጠን ያለው ለብዙኃኑ ነበር።

አሳላፊው ብርሌውን ወይም ዋንጫውን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት ጠጅ በግራ መዳፉ አንቆርቁሮ ራሱ ይቀምሳል። ይህን ልማድ ብዙ የውጭ አገር ተጓዦች ሳይጽፉት አላለፉም፤ አብዛኞቹም መርዝን ከመፍራት የመጣ ነው ብለው ፈረዱ። ፍርዱ ሐሰት አይደለም፤ ሙሉ ግን አይመስለኝም። የቀማሹ ምላስ ከመርዙ በፊት ኮምጣጣውንና ያልበሰለውን ያገኛል፤ ስሕተቱም በጌታው ፊት ሳይሆን በአሳላፊው መዳፍ ላይ ይቀራል። ዛሬም በገጠር ባለቤቲቱ ጠላ ስትቀዳ ጥቂቱን አፍስሳ ቀምሳ ካልሰጠች እንግዳው ቅር ይለዋል።

የዚህ ሁሉ ልብ እቴጌ ጣይቱ ነበሩ ብል ያጋነንኩ አይሆንም። በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቤት ሲከበር በእርሳቸው ትእዛዝ የተደረገው ለብዙ ቀን የዘለቀ ግብር በዜና መዋዕሉ በአድናቆት ተጽፏል፤ የወጡና የመጠጡ ብዛት፣ የተሰበሰበው ሕዝብ፣ የአቀራረቡ ሥርዓት ሁሉ የአንዲት ሴት ዓይን ከጎተራ እስከ ማዕድ ይከተለው እንደ ነበር ያስረዳል። በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሆቴል ያቋቋሙትም እኚሁ እቴጌ ናቸው። ዝግጅት ማለት ለእርሳቸው የበዓል ጌጥ ብቻ እንዳልነበረ ደግሞ የ1888ቱ ዘመቻ ይመሰክራል፤ ወደ ዐድዋ ለሚጓዘው ሠራዊት በየመንገዱ እህል ተከማችቶ ባይጠብቅ ኖሮ፣ ከመቶ ሺህ የማያንስ ሕዝብ ከሸዋ ተነሥቶ ትግራይ ድረስ ባልዘለቀም ነበር።

ነገር ግን ያ የእንጦጦ ግብር የተበላው በክፉ ቀን ዋዜማ ነው። ወዲያው የከብት ዕልቂት ከሰሜን ገብቶ በሬውን ፈጀው፤ በሬ ያጣው ማሳ ጦሙን አደረ፤ ረኃቡም እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ሕዝቡን ቀጠፈው። ዐፄ ምኒልክ በዚያን ጊዜ የላም ሥጋ አልበላም ማለታቸው፣ ጎተራቸውን ከፍተው ማብላታቸው፣ ዶማ ይዘው መቆፈራቸው ይተረካል፤ ይህም ለመታሰቢያቸው ክብር ነው። ይሁን እንጂ የሥርዓቱ ጉድለት ከዚህ ላይ ወለል ብሎ ይታያል። ከጎተራው ወዲህ ልኩ እጅግ የጠበቀ ነበር፤ አንዲት ብርሌ ጠጅ ሳትቀመስ አታልፍም። ከጎተራው ወዲያ ግን ወታደሩ በባላገሩ ቤት ተሠርቶ ያሻውን ሲበላ የሚሰፈርበት ቁና፣ የሚቆምበት አጋፋሪ አልነበረም። በማዕዱ ላይ ያለው ሰው የሚደርሰው ድርሻ ተወስኗል፤ በእርሻው ላይ ያለው ሰው የሚቀርለት ድርሻ አልተወሰነም። ክፉው ቀን ሲያልፍ ዐሥራት መደንገጉ፣ ባላገሩም ከዐሥር አንዱን ወደ ጎተራው ከከፈለ ወታደሩ በቤቱ እንዳይመራ መታዘዙ፣ ግቢው ይህን ጉድለት እንዳወቀው ያሳያል፤ ትእዛዙ በየአገሩ ምን ያህል እንደ ተፈጸመ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሌላም ዝም የተባለ ነገር አለ። የአጋፋሪውንና የአዛዡን ስም እናውቃለን፤ ጤፉን ያበጠሩት፣ በወፍጮ ድንጋይ ላይ ተንበርክከው ሌሊቱን ያነጉት፣ ውሃ የቀዱት ሴቶች ግን፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ባሪያዎች የነበሩ፣ በማንኛውም መዝገብ በስማቸው አልተጠሩም። የፈጪዋ እጅ አንድ ማለዳ ቢሰንፍ የአዳራሹ ሥርዓት ሁሉ በቀትር ይፈርስ ነበርና፣ ስለ ግቢው ሥርዓት የሚጽፍ ሰው ይህን ሳይናገር ቢያልፍ እንደ ዕዳ ይቆጠርበታል።

በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የግቢው ሥራ ለአዛዥ መታፈሪያ በሚኒስቴርነት ተሰጠ። በዚያው ቀን ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር፣ በጅሮንድ ሙሉጌታ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። በስም ደረጃ አዲስ ነገር ነበር፤ ኃላፊነቱ ግን እንደ ቀድሞው በሰውየው ላይ እንጂ በጽሕፈት ቤቱ ላይ ገና አላረፈም። ጥቂት ቆይቶ ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም ሲወድቁ፣ ወዲያውም እቴጌይቱ ከሥልጣን ሲርቁ፣ ያ ሁሉ ቦታ፣ ሰዓትና ልክ በሁለት ሰዎች ንቃት ላይ ቆሞ እንደ ኖረ ተገለጠ፤ ግብሩ መግባቱን አልተወም፤ በግቢው የሚታዘዘው አንድ ቃል ግን ቀረ። ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝቡ በአዋጅ አለመነገሩ፣ ማዕዱም እንዳሉ ሆኖ መቀጠሉ የሥርዓቱን ጥንካሬ ያሳያል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከጥንካሬው ይልቅ ፍርሃቱ ይታየኛል።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀስ እያለ ወደ ደመወዝና ወደ ደረሰኝ ሄደ። ከጠላት ወረራ በኋላ የመንግሥት ሠራተኛ በብር ይከፈለው ጀመር፤ በ1937 ዓ.ም. የወጣውም የመሬት ግብር አዋጅ በጉልበትና በዓይነት ይሰጥ የነበረውን የቀድሞ ግዴታ ሽሮ ግብርን በገንዘብ ወሰነው። በመሬቱና በማዕዱ መካከል የነበረው ሐረግ በዚህ ተቆረጠ፤ ግብር ሲባልም ቀስ በቀስ ከሦስቱ ትርጓሜዎች ለመንግሥት የሚከፈለው ብቻ በሕዝብ አፍ ቀረ። አዳራሹ ግን አለ። በ2012 ዓ.ም. ግቢው የአንድነት ፓርክ ተብሎ ሲከፈት እርሱም ታድሶ ለጎብኚ ተፈቀደ፤ አሁን የሚገባበት ሰው በደጁ ትኬት ይቆርጣል።